ሦስት ጣት ከፍ ያለችው መኪናዬ

መኪናዬን ከፍ ያስደረግኳት እኔው ራሴ ነኝ። በኋላ ለመጣው ጣጣ ሁሉ የሚወቀስ ሰው ስፈልግ መጀመሪያ የማገኘው የራሴን ፊት ነው፤ ይህ ደግሞ ንዴቱን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የመንግሥት ሥራዬን ትቼ ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ፣ የሳምንቱን ግማሽ ሱቄ ውስጥ እውላለሁ፤ ግማሹን ደግሞ በማንኩሳና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። በሬ አክማለሁ፣ በግ እከትባለሁ፤ ዋናው እንጀራዬ ግን ላም ማዳቀል ነው። ከተሻለ ዝርያ ኮርማ የተወሰደ ዘር ይዤ፣ ላሟ ኮርማ በፈለገች ዕለት ደርሼ እሰጣታለሁ። ዘሩ የሚኖረው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ዕቃው የወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ይመስላል፤ ናይትሮጅኑ እየተነነ መውጫ ስለሚፈልግ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋም። ስለዚህ ዕቃው ከተጋደመ ይፈስሳል፤ ከፈሰሰ ዘሩ ይሞታል። ላሟ ደግሞ አትጠብቅም። የዛሬው ካለፈ ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

መኪናዬ ዕድሜዋ የገፋ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ጠንካራ መኪና ነች። ችግሯ ሆዷ ዝቅ ማለቱ ነበር። ክረምት በወጣ ቁጥር የገጠሩ መንገድ ጎማ የሚሄድበት ሁለት ቦይ ይሆንና መሃሉ ያብጣል፤ እሷም እያንዳንዱን ድንጋይ በሆዷ እየዳሰሰች ትሄዳለች። አንድ ቀን የዘይት ቋቷ ተበስቶ ከማንኩሳ ወዲህ ማሽላ መሃል ስቆም፣ በቃ ከፍ ትበል አልኩ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሁሉም የሚያምናቸው አንድ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ያኔም አምናቸው ነበር።

“የኋላውንም የፊቱንም ሞላ በረዘመ እንቀይረው። ሦስት ጣት ትነሳለች። ከዚያ ካለፍን ኩርባ ላይ ትጥልሻለች” አሉኝ።

“አሞርዛቶሩስ ጋሼ?”

“አሞርዛቶሩ ምን ሆነ? ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ይችለዋል።”

ይችለዋል። ይህችን ቃል በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሆዷ ድንጋይ መዳሰስ አቆመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ጉብታ ወጥቼ ስወርድ ከኋላ “ጓ!” የሚል ድምፅ ጀመረ፤ አንድ ሰው በመዶሻ ከሥር እንደሚመታኝ ያለ። ወዲያው ደግሞ ጀርባዋ መረጋጋት አቃተው። አንዴ ከዘለለች ሦስት አራቴ ሳትንጠራራ አትቆምም። የክትባት ጠርሙሶቼ በሣጥናቸው ውስጥ ሲንጫጩ እሰማለሁ።

ወደ መካኒኩ ተመለስኩ። ከሥሯ ገብተው አዩና “ቡሽ ነው” አሉ። ቡሽ ማለት አሞርዛቶሩ ከታችና ከላይ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለችው ጎማ ናት። ቀየሩት። ድምፁ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። እንደገና ቡሽ ቀየሩ። እንደገና ተመለሰ።

“ዶክተር፣ እግርሽ ሳይከብድ አይቀርም” አሉኝ በሦስተኛው። ነዳጅ አብዝተሽ ትረግጫለሽ ማለታቸው ነው።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ናይትሮጅን ጭኜ በእንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው የምነዳው!”

ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ሌላ መኪና ዞሩ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ግራ ተጋብቶ ጠበቀኝ። የሒሳብ መምህር ነው፤ መኪና መንዳት አይችልም፣ መማርም አይፈልግም።

“መካኒኩ ደውለውልኝ ነበር” አለኝ። “ቡሽ ነው፣ እሷ ግን አልገባትም፣ አንተ አስረዳት አሉኝ። ቡሽ ምንድን ነው?”

ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ተቆረጠ። ሁለት ቀን አሞርዛቶር ማለት ምን እንደሆነ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ አሳለፍኩ። ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ሞላው መኪናዋን ይሸከማል፤ አሞርዛቶሩ ደግሞ ሞላው እንዳይዘል ይይዘዋል። ዘይት ያለበት ቱቦ ነው፤ ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲገፋ ያጥራል። መኪናዋ በሦስት ጣት ስትነሳ አሞርዛቶሩ ገና ቆማ ሳለች በሦስት ጣት ተስቦ ይጀምራል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ደግሞ ቱቦው ጫፉ ላይ ይደርስና “ጓ!” ይላል። አጥሯል ማለት ነው። በቃ፣ አጥሯል።

ይህን ለመካኒኩ ስነግራቸው “እንግዲያው ረጅም ግዢ” አሉኝ፣ ቀድሞውንም ይህን ሲሉ እንደነበር ሁሉ።

ባሕር ዳር ሄድኩ። አንድ ትልቅ የመለዋወጫ መደብር ገባሁ። ሻጩ ጎልማሳ ነው፤ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ነው ያናገረኝ።

“ለኋላ አሞርዛቶር እፈልጋለሁ። መኪናዋ ትንሽ ከፍ ብላለች።”

“ሊፍት የተደረገች ናት? ሄቪ ዲዩቲ፣ ጠንካራው ነው የሚሆንሽ። አንደኛ ዕቃ አለኝ።”

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሥዕሉ ላይ አንዲት መኪና ከአለት ላይ ዘላ አየር ላይ ተንሳፍፋለች።

“ርዝመቱ ስንት ነው?”

“ረጅም ነው።”

“ስንት ነው ረጅም?”

“ለከፍ ያለ መኪና የሚሆን ረጅም።”

“የእኔ የተነሳችው ሦስት ጣት ብቻ ነው።”

“እህቴ፣ ከፍ ያለ ከፍ ያለ ነው። ወይ ዝቅ ያለ ነው፣ ወይ ከፍ ያለ ነው።”

ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እንደ ሞኝ ገዛሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ አለመለካቴ ነው፤ ዕቃው ላይ ሜትር አስቀምጦ ለማየት ከደቂቃ በላይ አይወስድም ነበር። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነበር፣ ፍኖተ ሰላም ለመግባት ረጅም መንገድ ይጠብቀኛል፣ ሰውየውም በሙሉ ልብ ነው የተናገረው። በሙሉ ልብ የሚናገር ሰው ፊት ጥያቄ መድገም ያሳፍራል።

መካኒኩ ሲገጥሙት ቱቦው ከቦታው በልጦ አስቸገራቸው። መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ እየገፉ፣ እየተሳደቡ አስገቡት። “ጠንካራ ዕቃ ነው” አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። እውነትም ጠንካራ ነበር። ባዶዋን ስነዳት ጋሪ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ወገቤ እያንዳንዱን ጠጠር ቆጠረ። “ጓ!” የሚለው ድምፅ ግን ጠፍቷል። እንግዲህ ሁሉም አይሟላም ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ ስለ የኔታ መናገር አለብኝ። የኔታ ከቡሬ ወርዶ ባለ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። አንዲት ላም አለቻቸው፤ እሷም ከነጠፈች ቆይታለች። ላሟን እንዳዳቅልላቸው ለማግባባት ወራት ፈጅቶብኛል። “ያለ ኮርማ ጥጃ?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። “ልጄ፣ ይኼ ነገርሽ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ነው።” እኔም ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ ቤት በእኔ እጅ የተወለደችውን ጊደር ወስጄ አሳየኋቸው። ዙሪያዋን ዞሯት፤ ጡቷን፣ ዳሌዋን አዩ። በመጨረሻ “እሺ፣ የእኔዋም ትድረስ” አሉ። ባለቤታቸው ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ለእሷ ቀልድ አልነበረም፤ ከሚታለብ ወተት ቅቤ አውጥታ ቤቱን የምትደጉመው እሷ ናት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የኔታ ደወሉ። “ላማችን ከሌሊት ጀምሮ ትጮሃለች። ነይ እንግዲህ፣ ሠርጉ ዛሬ ነው።”

ናይትሮጅኑን ከኋላ በቀበቶ አሰርኩ። የክትባት ሣጥኔን ጫንኩ። ለሌላ ደንበኛ የማደርሰው ሁለት ኩንታል ፉርሽካም ነበረኝ። ቡሬን አልፌ ከአስፋልት ወርጄ ብዙም ሳልሄድ፣ ወደ አንዲት ጅረት የሚያወርድ ቁልቁለት ላይ ደረስኩ። ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት፤ ይህን በማንም ፊት እምላለሁ። ከታች አንድ ጉድጓድ ነበር። የኋላ ጎማዎቼ ገቡ፤ ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። “ጓ!” አይደለም፤ የሚሰነጠቅ ነገር ድምፅ ነው። መኪናዋ ከኋላ ተስፈንጥራ ወደ ጎን ተወረወረች።

ስትቆም መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ነጭ ጭስ ብቻ ነበር። ቀበቶው ተበጥሶ ዕቃው ተጋድሟል። ትንፋሼን ይዤ በሮቹን ሁሉ ከፋፈትኩና ወጣሁ፤ ናይትሮጅን በዝግ መኪና ውስጥ ቀልድ አያውቅም። ጭሱ ከመኪናዋ ወለል እየተንከባለለ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተኛ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ዕቃውን አነሳሁት። ቀሎኛል። ውስጡ ደረቅ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ። የግራው አሞርዛቶር የላይ መያዣው ብሎን ተቆርጦ ቱቦው ተንጠልጥሏል። አዲሱ፣ አንደኛው፣ ጠንካራው።

የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። መደወል እችል ነበር፤ ግን ይህን በስልክ መናገር አልሆነልኝም። ስደርስ ላሟ ከደጅ ታስራ ትጮሃለች። ባለቤታቸው ላሟን ኋላዋን አጥባ፣ የሞቀ ውሃ በባልዲ፣ ሳሙናና ፎጣ አዘጋጅታ ጠብቃኛለች። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ጋር ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አሉ፤ ያለ ኮርማ የሚደረገውን ሠርግ ሊያዩ የመጡ።

“መኪናሽስ?” አሉ የኔታ ባዶ እጄን እያዩ።

ነገርኳቸው። ጉድጓዱን፣ አሞርዛቶሩን፣ ናይትሮጅኑን፣ ሁሉንም። ስናገር ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። ባለቤታቸው ባልዲውን አንስታ ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፋችው።

የኔታ “ምን ይደረጋል ልጄ” አሉ። “መኪናሽም ዘለለች፣ ላሜም ዘለለች።”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የቅኔ መምህር ፊት ሆኖ አለመሳቅ ነውር ነው። አንዷ ጉድጓድ ላይ ዘለለች፣ አንዷ ቀኗን ዘለለች። ያማረ ነገር ነበር። ግን ወደ መኪናዬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ “ዘለለች” የምትለዋን አንዲት ቃል እያኘክሁ፣ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው የሄድኩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሞርዛቶሩን በገመድ አስሬ፣ ፉርሽካውን እዚያው ሰው ቤት አራግፌ፣ እየተንገዳገድኩ ቡሬ ገባሁ። ወደ ነቀምት የሚያስወጣው መገንጠያ አካባቢ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጡ አንዲት ሴት አሉ። ባላቸው ሹፌር ነበሩ፤ እሳቸውም ከጎናቸው ተቀምጠው አገር ለአገር የዞሩ ናቸው። የተቆረጠ ብሎን ልጠይቅ ነበር የገባሁት። አሞርዛቶሩን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

“ይኼን ለየትኛዋ መኪና ነው የገጠምሽው?”

አሳየኋቸው። ወጥተው ዞሯት፤ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ።

“ምን ያህል ነው ያነሳሻት?”

“ሦስት ጣት፣ እትዬ።”

“ባዶዋን ነው ወይስ ጭነሽ ነው የምትነጃት?”

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይኔ እንባ አቀረረ። አሞርዛቶር ሊያስለቅሰኝ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ከመካኒኩ እስከ ባሕር ዳሩ ሻጭ ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

“አንዳንዴ ባዶ፣ አንዳንዴ ሁለት ኩንታል” አልኳቸው።

“አየሽ፣ ይኼ ሲዘጋም ረጅም ነው። ጭነሽ ጉድጓድ ስትገቢ ጎማው ወደ ላይ ይመጣል፤ ከቻሲው፣ ከመኪናዋ አፅም ሥር ያለው የላስቲክ ትራስ ከመቀበሉ በፊት ቱቦው መጨረሻው ይደርሳል። ከዚያ ወይ እሱ ይሰበራል፣ ወይ መያዣው ይቆረጣል። ሰው ሁሉ ሲከፈት ስንት ነው ብሎ ይጨነቃል፤ ሲዘጋ ስንት ነው የሚል የለም። ሁለት ቁጥር አምጭልኝ። ሲከፈት ስንት፣ ሲዘጋ ስንት። ያንን ሳትይዥ ሱቅ አትግቢ።”

“ጠንካራ ይሁን ለስላሳ?”

“ለሞላሽ የሚመጥን። አሞርዛቶር ለጉራ አይገዛም።”

በማግስቱ መካኒኩ ጋራዥ ሄጄ ሁለቱንም አሞርዛቶር አስፈታሁ። በእጄ የነበረው ሜትር የከብት ነው፤ የላም ደረት ዙሪያ ለክቼ ክብደቷን የምገምትበት። ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

“ዶክተር ዛሬ መኪናዋን ልታደልባት ነው” አሉ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከሥሯ ገባሁ። ጎማው እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከላይ መያዣ እስከ ታች መያዣ ስልሳ ሳንቲሜትር። የፍሬኑ ቧንቧ እዚያ ላይ እንዳይወጠርም አየሁ። ከዚያ ጎማውን ከሥር በክሪክ እየገፋን ትራሱ እስኪነካ ድረስ አነሳነው፤ ሠላሳ ሰባት። ወጥቼ ያንን የተሰበረውን ረጅም ዕቃ መሬት ላይ አስተኛሁና ተጭነን ዘጋነው። አርባ ሁለት።

ጋሼ ሜትሩን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

“ታዲያ እንዲህ ያለውን ለምን ይሸጣሉ?” አሉ።

ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ዘጠኝ ነገር ልላቸው እችል ነበር፤ ግን ፊቴ ጭቃ ነበር፣ ደክሞኛል፣ ነገም እሳቸው ናቸው መኪናዬን የሚገጥሙልኝ።

ቁጥር ይዞ ዕቃ መፈለግ የቀለለ ይመስል ነበር። አይደለም። ባሕር ዳር ደወልኩ፣ ደብረ ማርቆስ ደወልኩ፣ አዲስ አበባ ደወልኩ። “ካርቶኑ ላይ ርዝመት አልተጻፈም።” “ከፍታችሁ ለኩልኝ።” “ከተከፈተ ማን ይገዛዋል?” አንዱ በእጁ ስንዝር ለክቶ ፎቶ ላከልኝ። የማንን ስንዝር? አንዱ ደግሞ በጣም ትሁት ሆነብኝና ጠረጠርኩት፤ ሆን ብዬ የማይሆን ቁጥር፣ ሰማንያና ሃምሳ፣ ነገርኩት። “አዎ እህቴ፣ ልክ እሱን ነው የያዝኩት” አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ጮኽኩ። አንድ ደንበኛ የዶሮ መድኃኒት ሊገዛ በር ላይ ደርሶ ነበር፤ ወደ ኋላው ተመለሰ።

መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆማ ሦስት ሳምንቱ ሞላ። የኔታ ደወሉ። “ላማችን ዛሬም ትጮሃለች” አሉ፤ ሠርግ የሚለውን ቃል አላነሱም። የመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ ባልደረባዬ የነበረ አንድ ሐኪም በሞተር እንዲሄድልኝ ለመንኩት፤ እሺ አለ፤ ግን የዚያን ዕለት ኔትወርክ ጠፍቶ መንገድ ላይ ቦታውን መጠየቅ ሳይችል ቀረ። ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ በኋላ የኔታ መደወል አቆሙ።

የቡሬዋ እትዬ የደወሉልኝ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። “ሲከፈት ስልሳ አንድ፣ ሲዘጋ ሠላሳ ስድስት ተኩል” አሉኝ፤ ሰላምታም አልቀደመ። “ለአንቺ መኪና የተሠራ አይደለም፤ የሌላ ነው። ጥንካሬው ግን መካከለኛ ነው፣ ሞላሽን ይይዛል። የታች ቀዳዳው ይሰፋል። ቶርኖ ቤት ቡሽ አስቆርጪለት። ስትገጥሚ ደግሞ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ሳትቆም ብሎኑን እንዳታጠብቂ፤ ቡሹ ይጠመዘዝና ይበላል።”

ስለ ብሎኑ ለጋሼ ስነግራቸው “ይኼን ደግሞ ማን አለ?” ብለው አጉረመረሙ። ግን እንዳልኳቸው አደረጉ። መኪናዋን አውርደው፣ ከሥሯ በደረታቸው ተስበው ገብተው፣ መሬት ላይ እንዳለች አጠበቁት። በዚያ ዕድሜ ይህን ማድረጋቸው ልቤን ትንሽ አለሰለሰው።

ከዚያ ወጥቼ በጠጠር መንገድ ነዳኋት። ጉብታ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ዝም። አንዴ ሰገድ አለችና ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት ኩንታል ጭኜ ደገምኩት። ዝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ያ ዝምታ ይበልጥ አበሳጨኝ። ይህን ሁሉ ወር፣ ይህን ሁሉ ዘር፣ የሰው ላም ሁለት ጊዜ ያሳለፈው ነገር በአንድ ሜትር፣ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን “አሞርዛቶሩስ?” ብዬ ጠይቄ ነበር። ለምን መልሱን አልጠየቅኩም?

ጋሼ ደግሞ አሁን ለሚመጣው ሁሉ ስለ አሞርዛቶሬ ያወራሉ። አንድ የእርሻ መኪና ያለው ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ “መካኒኩ መርጠው የገጠሙልሽ አሞርዛቶር ከየት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀት አውጥቼ እንዴት እንደሚለካ ሥዕል ሣልኩለት። “እሱስ ጋሼ ያውቁልኛል” ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ወደ የኔታ ለመሄድ እፍረት ይዞኝ ከሁለት ወር በላይ ቆየሁ። በመጨረሻ ለአንድ ጎረቤታቸው በግ ልከትብ ወደዚያ ስወርድ ማለፍ አልቻልኩም። መኪናዋ ደጃቸው ድረስ ያለ ድምፅ ገባች። የኔታ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ።

“እንዴት ሰነበቱ የኔታ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ? ዛሬ ደግሞ በመኪና መጣሽ።”

ባለቤታቸው ላሟን ከጥላው ሥር ይዛ መጣች። ላሟ አትጮህም። ሆዷ የተረጋጋ፣ ጠጉሯ የተኛ። ከማየቴ ገብቶኛል።

“እስኪ እጅሽን አስገቢና እይልን” አለችኝ ሴትየዋ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየች። “አርግዛለች ይላሉ። አልጠበቅንሽም፤ የታችኛው ሰፈር ኮርማ ነው።”

እጄን ታጠብኩ፣ ጓንት አጠለቅሁ፣ አየኋት። እርግዝናው ጥሩ ነበር፤ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። “አርግዛለች” አልኩ። “ደህና ነው።”

ጓንቴን ሳወልቅ የኔታ ተነስተው አጠገቤ ቆሙ።

“ተቀየምሽን?” አሉ።

“ኧረ የኔታ! እኔ ልቀየም? ጥፋቱ የእኔ ሆኖ።”

“ተቀይመሻል። ፊትሽ ይናገራል።” ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። “እኔም እኮ ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር፤ በጣም። ሰው ፊት ስለነበርን በቅኔ አሳለፍኩት እንጂ። እሷ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ወተት አንድ ዓመት ጠፍቶ፣ ተስፋ ሰጥተሽን፣ ባዶ እጅሽን ስትመጪ።”

ባለቤታቸው ላሟን ወደ ጥላው እየመለሰች ነበር፤ ሰምታለች፣ ዞር አላለችም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። ከልቤ ነበር፤ ደግሞም ያን ሁሉ ወር ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከደረቴ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጠፋ አልልም።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ። ቆየት ብለው “የምትወልደው እንስት ከሆነች ለእሷ ጊዜ እንጠራሻለን” ሲሉ ጨመሩ። “አሁን ነይ፣ የወንድሜ በሬ በፊተኛው እግሩ ያነክሳል። እሱን እይልኝ።”

ሣጥኔን ከመኪናው አውርጄ ተከተልኳቸው።